ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ ለማን ይታዘዛል?

የደብረ ማርቆስ ወገኖቼ፤ ዛሬ የምናገረው ስለ ቁልቁለት ብስክሌት የኋላ ሳስፔንሽን ነው። ከመካከላችሁ ተማሪዎች፣ የጋራዥ ባለሙያዎች፣ በዕድሜ የገፋችሁ አባቶችና እናቶችም አላችሁ። ስለዚህ ቀመር አልጽፍም፤ አልፎ አልፎ ቁጥር ስጠራ ግን ታገሡኝ። የውጭ ውድድሮችን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ2015 በኦስትሪያ ሊዮጋንግ የዓለም ዋንጫ የቁልቁለት ውድድር ተደርጎ ነበር። አሜሪካዊው አሮን ግዊን ከመነሻው ወጥቶ ገና ፔዳል መርገጥ ሲጀምር ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው መስመር በእግሩ ኃይል ፍጥነት ሊጨምር አይችልም፤ የቀረው ቁልቁለቱና ፍሬኑ ብቻ ነው። ወረደና አንደኛ ወጣ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኖርዌይ ሃፍየል በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ ኔኮ ሙላሊ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ እንዲሁ ያለ ሰንሰለት ወርዶ አራተኛ ሆኗል።

የሁለቱ ሰዎች ችሎታ ከሁሉ ይቀድማል፤ ይህን የሚክድ የለም። ለመካኒክ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ሰንሰለቱ ሲጠፋ የኋላ ጎማው በተሻለ ነጻነት መሥራት ጀምሮ ይሆን? እኔ በከፊል አዎ እላለሁ፤ ምክንያቱንም ዛሬ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ። ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ መሬቱን መከተል አለበት። ድንጋይ ሲመጣ መነሳት፣ ጉድጓድ ሲመጣ መውረድ፣ ከአፈሩ ሳይላቀቅ። ነገር ግን ሰንሰለቱ ይጎትተዋል፣ ፍሬኑም ይይዘዋል። አንዱን የሳስፔንሽን ዓይነት ከሌላው የምመዝነው ጎማው በእነዚህ በሁለቱ ሲያዝ መሬቱን ምን ያህል መከተል ይችላል ብዬ ነው። የብስክሌቱ ዋጋና የኩባንያው ስም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

በመጀመሪያ ግን ሳስፔንሽን ምን እንደሚሠራ እንይ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። አንድ ሰው ከነብስክሌቱ 95 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ይህ ሰው 1,000 ሜትር ሲወርድ ከከፍታው የሚለቀቀው ጉልበት 930 ኪሎጁል ያህል ነው። በዚህ በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነውና፣ ያ ጉልበት ሦስት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል ማለት ነው። ጉልበቱ አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆናል። አብዛኛውን ፍሬኑና የሚቀዝፈው አየር ይወስዱታል፤ የተረፈውን ጎማውና ሾክ አብዞርበሩ ይካፈሉታል።

ሾክ አብዞርበር ስንል በአንድ ላይ የተገጠሙ ሁለት ዕቃዎችን ማለታችን ነው። አንዱ ሞላ ነው። ሞላ ምቱን ተቀብሎ ያጠራቅማል፤ ያጠራቀመውንም መልሶ ይለቃል። ብቻውን ቢተው ብስክሌተኛውን እያነጠረ ከመንገድ ያስወጣዋል። ሁለተኛው በጠባብ ቀዳዳ ዘይት እያሳለፈ እንቅስቃሴውን የሚያረግበው ክፍል ነው፤ ጉልበቱን ወደ ሙቀት የሚለውጠው እሱ ነው። በዓባይ መንገድ የሚወርዱት አይሱዙዎች ከኋላ ያላቸው ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ የሚደነቅ ፈጠራ ነው። ተደራርበው የታሰሩት ብረቶች ጭነት ይሸከማሉ፤ አክስሉን በቦታው ይይዛሉ፤ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉም ንውጥውጡን በጥቂቱ ያረግባሉ። ሦስቱን ሥራ አንድ ዕቃ ይሠራዋል። ለጭነት መኪና ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። 16 ኪሎ ለሚመዝን ብስክሌት ግን ክብደቱ አይታሰብም፤ ፍትጊያውም ትንንሹን ጠጠር እንዳይከተል ያደርገዋል።

ለብስክሌት ይበልጥ የሚቀርበው በየመንገዱ የምናየው ሞተር ሳይክል ነው። የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ ከፍሬሙ ጋር የሚገናኘው በአንድ መዞሪያ ብቻ ነው፤ ሾኩ ክንዱንና ፍሬሙን ያያይዛል። ባጃጅም ከኋላ ለየጎማው የራሱ ክንድና የራሱ ሞላ አለው። ይህ የቁልቁለት ብስክሌት የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ነጠላ መዞሪያ እንለዋለን።

በካሊፎርኒያ ታማልፓይስ ተራራ አካባቢ በ1976 ወጣቶች በአሮጌ ብስክሌት ቁልቁለት መወዳደር ሲጀምሩ ምንም ዓይነት ሳስፔንሽን አልነበራቸውም። ፍሬናቸው በፔዳል ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ነበር፤ ከወረዱ በኋላ ግራሱ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ እንደገና መሙላት ነበረባቸው። በ1990 በኮሎራዶ ዱራንጎ የመጀመሪያው የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ፤ በ1993 የቁልቁለት የዓለም ዋንጫ ተጀመረ። ዛሬ የውድድር ብስክሌት የኋላ ጎማ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሳል፤ ይህ ከአንድ ስንዝር ብዙም አያንስም።

አሁን ወደ ንጽጽሩ እንግባ። ነጠላ መዞሪያ ሲባል የበር ማጠፊያን አስቡ። የበሩ ጫፍ ከማጠፊያው ያለው ርቀት ሳይለወጥ ቅስት እየሠራ ይከፈታል። የኋላ ጎማውም በመዞሪያው ዙሪያ እንዲሁ ቅስት ይሠራል። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ መዞሪያው የት ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ ነው። መዞሪያው ፔዳሉ ካለበት ትንሽ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ ጎማው ሲነሳ ከፊት ጥርሱ ይርቃል። ሲርቅ የላይኛው ሰንሰለት ይወጠራል፤ ፔዳሉንም ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ብስክሌተኛው ይህን በእግሩ ሥር ይሰማዋል። ጎማው በፍጥነት ሲሽከረከር ጉተታው ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ጎማው በፍሬን ተይዞ በዚያው ቅጽበት ድንጋይ ሲመታ ግን ጉተታው በሙሉ እግር ላይ ይመጣል፤ ጎማውም ተገትቶ ድንጋዩን መውጣት የሚገባውን ያህል አይወጣም። ሰንሰለት የሌለው ብስክሌት ይህ ችግር የለበትም።

በዚህ ምክንያት ሰንሰለትን ጠላት ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩት። ብስክሌተኛው ፔዳሉን አጥብቆ ሲረግጥ የሰውነቱ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሾኩም ሊሰምጥ ይፈልጋል። በሚገባ የተቀመጠ መዞሪያ ካለ የሰንሰለቱ ውጥረት ያንን መስመጥ ይቃወማል፤ የእግሩም ጉልበት ሾኩን በማወዛወዝ አይባክንም። ስለዚህ ሠሪው ሁልጊዜ በሁለት ፍላጎት መካከል ነው። አጥብቆ መርገጥን ካሰበ መዞሪያውን በአንድ መንገድ ያስቀምጣል፤ ድንጋዩን ካሰበ በሌላ።

ኦሬንጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሃሊፋክስ ከተማ ውስጥ የታጠፈ የአሉሚኒየም ላሜራ እየበየደ ነጠላ መዞሪያ ብስክሌቶችን ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ስቲቭ ፒት በ2004 የዓለም ዋንጫውን አጠቃላይ ውጤት ያሸነፈው በዚህ ኩባንያ ብስክሌት ነው። አንድ ትልቅ ክንድ፣ አንድ መዞሪያ፣ አንድ ሾክ፤ ሌላ ነገር የለውም።

ነጠላ መዞሪያውን በጣም ከፍ ብናደርገውስ? ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ጎማውን የሚመታው ወደ ላይ ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላም ይገፋዋል። መዞሪያው ከፍ ካለ ጎማው ሲነሳ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ከምቱ ጋር ይሄዳል። ጠርዙ የተሳለ ድንጋይ ላይ የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ብስክሌቱ እንደ ሌሎቹ አይደናቀፍም። ዋጋው ግን ሰንሰለቱ ላይ ይወጣል። መዞሪያው ከፍ ባለ ቁጥር የሰንሰለቱ መወጠር ይብሳል፤ ስለዚህ ሠሪዎች ሰንሰለቱን በመዞሪያው አጠገብ አሻግራ የምታሳልፍ አንዲት ትንሽ ጥርስ ይጨምራሉ። ያቺ ጥርስ ጉተታውን ታቃልላለች። በምትኩ ትጮሃለች፣ ትፋተጋለች፣ ጭቃ ይይዛታል፣ ሰንሰለቱንም ታስረዝማለች። የአንዶራው ኩባንያ ኮሜንሳል ከ2015 ጀምሮ ለዓመታት የቁልቁለት ብስክሌቱን በዚህ ዓይነት ሠርቶ ትልቅ ውጤት አግኝቷል። ፈረንሳዊቷ ሚሪያም ኒኮል በ2019 በካናዳ ሞንት ሴንት አን የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በኮሜንሳል ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ቤተሰብ ባለ አራት ዘንግ ነው። ይህን ለመረዳት ስለ ሆርስት ላይትነር ማወቅ ያስፈልጋል። ላይትነር በኦስትሪያ ተወልዶ ካሊፎርኒያ የኖረ የሞቶክሮስ ተወዳዳሪና መሐንዲስ ነው። ከብስክሌቱ በፊት በሞተር ሳይክል ላይ ሲሠራ ያስጨነቀው ነገር ሰንሰለት የኋላ ሳስፔንሽንን እንዴት እንደሚያውክ ነበር፤ በ1980ዎቹ የሠራቸው ኤቲኬ የተባሉት ሞተር ሳይክሎች ይህንኑ ለመፍታት የታሰበ መሣሪያ ነበራቸው። ኋላ ኤኤምፒ ሪሰርች በተባለው ኩባንያው ወደ ብስክሌት ሲዞር ያንን ጥያቄ ይዞ መጣ። መልሱ በታችኛው ዘንግ ላይ፣ ከኋላው አክስል ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አንድ ተጨማሪ መዞሪያ ማድረግ ነበር። በዚያች መዞሪያ ምክንያት ጎማው በቀጥታ ከዋናው ክንድ ጋር አይታሰርም። የሚታሰረው በላይኛው ዘንግ ላይ ነው፤ ያ ዘንግ ደግሞ በራሱ መንገድ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሠሪው ሰንሰለቱን፣ ፍሬኑንና የጎማውን ጉዞ ከሞላ ጎደል ለየብቻ ማስተካከል ይችላል። የፈጠራ መብቱን ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ገዝቶ ለዓመታት ያዘው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ብዙ ኩባንያዎች ተቀበሉት። ፈረንሳዊው ሎይክ ብሩኒ ደጋግሞ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በስፔሻላይዝድ ነው።

እዚህ ላይ ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው እንዳይታለል አንድ ነገር ላሳያችሁ። አራት ዘንግ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ብስክሌቶች አሉ። የኋላዋ መዞሪያ ከአክስሉ በላይ፣ በላይኛው ዘንግ ላይ ከተቀመጠች፣ ጎማው አሁንም በዋናው ክንድ ላይ ነው የታሰረው። እነዚያ ሁሉ ዘንጎች የሚሠሩት ሾኩን ለመጫን ብቻ ነው፤ ጎማው የሚሠራው ቅስት የነጠላ መዞሪያ ቅስት ነው። መጥፎ ብስክሌት ነው ማለቴ አይደለም፤ የምትከፍሉበትን ነገር እወቁት ለማለት ነው።

ሦስተኛው ቤተሰብ የኋላውን ክፍል አንድ ወጥ አድርጎ በሁለት አጫጭር ዘንጎች ከፍሬሙ ጋር ያያይዘዋል። የሳንታ ክሩዝ ቪ10 በዚህ መንገድ የሚሠራ ታዋቂ ብስክሌት ነው፤ ዴቭ ዊግል የቀየሰው ዲደብሊው ሊንክም ከዚሁ ወገን ነው። ልዩነታቸው በቪ10 ሁለቱ ዘንጎች በተቃራኒ አቅጣጫ መዞራቸው፣ በዊግል ንድፍ በአንድ አቅጣጫ መዞራቸው ነው። ሁለቱን ዘንጎች በሐሳብ መስመር ብታስረዝሟቸው መስመሮቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የሚገናኙበት ነጥብ በዚያች ቅጽበት የጎማው መዞሪያ ነው። ብረት የለበትም፤ ከብስክሌቱ ውጭ አየር ላይ ሊሆን ይችላል። ጎማው ሲነሳ ነጥቡም ይጓዛል። ሠሪው በጉዞው መጀመሪያ ለፔዳል የሚመች፣ በጉዞው መካከል ለድንጋይ የሚመች መዞሪያ ማበጀት ይችላል። እንደ መሐንዲስ ከተጠየቅሁ ይህን የመሰለ ውብ ሐሳብ በብስክሌት ሥራ ውስጥ ጥቂት ነው። አውስትራሊያዊው ሳም ሂል በ2006 ሮቶሩዋ፣ በ2007 ፎርት ዊልያም የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ዲደብሊው ሊንክ ባለው አይረን ሆርስ ሰንዴይ በተባለ ብስክሌት ነው። ችግሩ አጫጭሮቹ ዘንጎች ከባድ ኃይል በጠባብ ቦታ መሸከማቸው ነው። ኩሽኔታቸው ቶሎ ያልቃል፤ አንዱ ሲላላ የኋላው ጎማ ይወላገዳል።

ያ በ2004 በኦሬንጅ ነጠላ መዞሪያ ያሸነፈው ስቲቭ ፒት በ2009 በአውስትራሊያ ካንቤራ፣ በ35 ዓመቱ፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ቀን የጋለበው ቪ10 ነበር። ሁለተኛ የወጣው በዚያው በቪ10 የወረደው ደቡብ አፍሪካዊው ግሬግ ሚናር ሲሆን በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 0.05 ሰከንድ ነው። ሚናርን ልታውቁት ይገባል፤ በ2003፣ በ2012፣ በ2013 እና በ2021 አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ አፍሪካዊ ነው፤ ከአራቱ አንዱን በተወለደባት በፒተርማሪትስበርግ ነው ያገኘው። እንግዲህ ፒት አንድ ሰው ሆኖ በሁለት ተቃራኒ ንድፎች ከላይ ደረሰ። በ2019 ደግሞ በአንድ ተራራ፣ በአንድ ሻምፒዮና፣ ሴቶቹን ያሸነፈችው ባለ ከፍተኛ መዞሪያ፣ ወንዶቹን ያሸነፈው ብሩኒ ባለ አራት ዘንግ ነበሩ። ዘንግ በበዛ ቁጥር ብስክሌቱ ይሻላል የሚለው አነጋገር በዚህ ማስረጃ ፊት አይቆምም።

ስለ ፍሬን ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ፤ ለእኛ አገር ቁልቁለት ከሰንሰለቱ ይልቅ ይህ የሚበልጥ ይመስለኛል። የኋላ ፍሬን ካሊፐር የጎማውን ዲስክ ሲጨብጥ፣ ጎማው በመዞር ላይ ስለሆነ ካሊፐሩን ይዞ መዞር ይፈልጋል። ካሊፐሩ በነጠላው ክንድ ላይ ከታሰረ፣ ያ የመዞር ኃይል ክንዱን ወደ ፍሬሙ ይስበዋል፤ ሾኩም ይሰምጣል። የሰመጠ ሾክ ለሚቀጥለው ድንጋይ የቀረው ጉዞ አጭር ነው። ተከታታይ ጉብታ ባለበት ቦታ ፍሬን ይዞ የሚወርድ ሰው የኋላው ጎማ እየደነደነ ሲዘል የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። በአራት ዘንግ ካሊፐሩ በላይኛው ዘንግ ላይ ስለሚቀመጥ ክንዱን የሚስበው ኃይል ያንሳል፤ ጎማውም ፍሬን ተይዞ እንኳ ይሠራል።

ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይፈርዱና ነጠላ መዞሪያን ይጥሉታል። እኔ አልቸኩልም። ፍሬን ሲያዝ የሰውየው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊት ሹካው ይሰምጣል፤ የኋላው ይነሳል። ቀጥ ባለ ገደል ላይ ይህ አደገኛ ነው፤ ሰው በመሪው ላይ ተገልብጦ የሚወድቀው እንዲህ ሲሆን ነው። ነጠላው መዞሪያ የኋላውን ወደ ታች ስለሚስብ ብስክሌቱ ሚዛኑን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ጥያቄው ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጉብታ የበዛበት የሚል ይሆናል። ጉብታው ከበዛም ብስክሌተኛው ሊማር የሚችለው ነገር አለ። ፍሬኑን ከጉብታው በፊት ባለው ለስላሳ ቦታ ጨርሶ ይይዝና ጉብታው ላይ ይለቀዋል።

እስኪ አሁን የራሳችንን ቁልቁለት እንመልከት። የጮቄ ተራራ ከፍተኛ ጫፎች ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከተራራው በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ከተማችን የሚወርድ ሰው ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል። የስኮትላንዱ ፎርት ዊልያም፣ ከዓለም ዋንጫ ሥፍራዎች ዝነኛ ከሆኑት አንዱ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው 550 ሜትር ያህል ነው፤ እርግጥ በሦስት ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት ውስጥ። ጮቄ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው፤ ድንጋዩ በአብዛኛው ጥቁር ባዛልት፣ ጠርዘ ስለታም ነው። የከብትና የሰው ኮቴ የጠረገውን መንገድ ክረምት ያርሰዋል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጥቁሩ አፈር ጎማው ላይ ተጠቅልሎ እስኪያቆመው ድረስ ይይዛል።

ለዚህ መሬት ምን ዓይነት ይስማማል? ድንጋዩን ብቻ ካየን ከፍተኛ መዞሪያ ተመራጭ ነበር። ጭቃውን ስናይ ያቺ ተጨማሪ ጥርስ ከመጀመሪያው ዝናብ ጀምሮ ችግር ትሆናለች። ሁለቱ አጫጭር ዘንጎች የሚቀመጡት ከኋላው ጎማ ፊት ለፊት፣ ጭቃው በሚረጭበት በዚያው ቦታ ነው። አራት ዘንግ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ኩሽኔታ ይፈልጋል። ነጠላ መዞሪያ ሁለት ይበቃዋል። ኩሽኔታ በላዩ የተጻፈ ዓለም አቀፍ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው ከዕቃ መሸጫ ይገዛል። የአንድ ኩባንያ ዘንግ ግን ከዚያ ኩባንያ በቀር የትም አይገኝም። መዞሪያው ላይ ያለው ብረት ቢበላ የቶርኖ ባለሙያ ቦኮላ አበጅቶ ይመልሰዋል። ስለዚህ ምርጫዬ መካከለኛ ከፍታ ያለው ነጠላ መዞሪያ ነው። ይህን የምለው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በጎጃም ቁልቁለት ላይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመትም እንደ መጀመሪያው ሊሠራ የሚችለው እሱ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ብሎኑ የላላ ውብ ንድፍ ሰው ይገድላል።

ሾኩንም በተመለከተ ከአየር ይልቅ የብረት ሞላውን እመርጣለሁ። የአየር ሾክ ቀላል ነው፤ በፓምፕም ለማንኛውም ክብደት ይስተካከላል። ነገር ግን ልዩ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ ይፈልጋል፤ ጎሚኒዎቹ በአቧራ ያልቃሉ፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ጠባዩ ይለወጣል። የብረት ሞላ አይለወጥም፤ ለሰውየው ክብደት የሚስማማውን መምረጥ ግን ግድ ነው። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ አብረን እንሥራው። ሰውየው ብስክሌቱ ላይ ቆሞ የኋላ ጎማው ሚዛን ላይ ሲያርፍ 55 ኪሎ አነበበ እንበል። ጎማው 200 ሚሊ ሜትር ሲነሳ ሾኩ 75 ሚሊ ሜትር የሚያጥር ከሆነ፣ ጎማው ሾኩን በ2.67 እጥፍ ይጫነዋል፤ ስለዚህ ሾኩ ላይ የሚያርፈው 147 ኪሎ ያህል ነው። ሰውየው ዝም ብሎ በቆመበት ሾኩ ከጉዞው ሠላሳ በመቶ፣ ማለትም 22.5 ሚሊ ሜትር፣ እንዲሰምጥ እንፈልጋለን። 147ን ለ22.5 ስናካፍል ለአንድ ሚሊ ሜትር ስድስት ኪሎ ተኩል ያህል የሚሸከም ሞላ ያስፈልገናል ማለት ነው። ከሞተር ሳይክል የተፈታ ሞላ ለመግጠም የሚያስብ ወጣት ካለ፣ ከብየዳው በፊት ይህን ይለካ።

እኛ የብስክሌት ታሪክ የሌለን ሕዝብ አይደለንም። ኢትዮጵያ በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትሄድ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞች ልካለች። በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እነዚያ የመንገድ ተወዳዳሪዎች ናቸው። የተራራው ነገር ገና ያልተነካ ነው፤ ተራራው ግን እዚሁ በራችን ላይ ነው፤ በከተማችን ዩኒቨርሲቲም መካኒካል ምሕንድስና የሚማሩ ልጆች አሉ።

ለእነዚያ ልጆች፣ ለጋራዥ ወንድሞቼም፣ ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ ልስጣችሁ። የኋላ ሳስፔንሽን ያለው ማንኛውም ብስክሌት ይበቃል። ሾኩን ፍቱት። ፍሬሙን ከጠረጴዛ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ከኋላ ጎማው ጎን ካርቶን አቁሙ። ጎማውን በሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር እያነሳችሁ የአክስሉን መሃል በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ነጥቦቹን ስታያይዙ ጎማው የሚሄድበትን መንገድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ ወደ ኋላ ይሸሽ እንደሆነ፣ ወደ ፊት ይመለስ እንደሆነ። ቀጥላችሁ የኋላ ጎማው እንዳይዞር ፍሬኑን በገመድ አስራችሁ፣ ሰንሰለቱም እንደተገጠመ እንደገና አንሱት፤ በዚህ ጊዜ ፔዳሉን ተመልከቱ፤ ስንት ዲግሪ ወደ ኋላ እንደዞረ ለኩና ጻፉ። ከዚያ ሰንሰለቱን ትልቁ የኋላ ጥርስ ላይ አድርጋችሁ ለኩ፤ ትንሹ ላይም አድርጋችሁ ለኩ፤ ቁጥሮቹ አንድ አይሆኑም። የሁለት ብስክሌቶችን ካርቶን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የትኛው ለጮቄ ድንጋይ እንደሚሻል ከማንኛውም የኩባንያ ማስታወቂያ ይልቅ በእርግጠኝነት መናገር ይችላል። ካርቶኑን ይዛችሁ ብትመጡ አብሬያችሁ ቁጭ ብዬ አነብበዋለሁ።